የስደቷን ሥዕል ይህ ሁሉ ተራራ ለምን ከበበው?

የደረሰኝ ጥያቄ ጠቅለል ሲል እንዲህ ይላል፦ «በጽጌ ጾም ሰሞን ጓደኛዬ አንድ ሥዕል በስልክ ላከችልኝ። ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ ያለ፣ ፓቲኒር የሚባል የፍላንደርስ ሠዓሊ ሥራ ነው አለችኝ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ውጭ ያለው ግን ቋጥኝ፣ ጫካ፣ መንደርና ሰማይ ነው። ይህ የሃይማኖት ሥዕል ነው ወይስ የተራራ? ግብጽ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ አረንጓዴ የሆነችው? ሰሎሜስ የት ሄደች? ደግሞስ አሳትሜ ቤቴ ብሰቅለው ምን ይመስልዎታል?»

ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። ሁሉንም እመልሳለሁ፤ ቅደም ተከተላቸውን ግን ላልጠብቅ እችላለሁ። አንዱ ብዙ ያናግራል፣ ሌላው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

እቅጩን ልናገር፦ ሥዕሉ የሃይማኖት ሥዕል ነው። ተራራውም፣ ማሳውም፣ መንደሩም ጭምር። ብዙ ሰው መልክዓ ምድሩን ከእመቤታችን ጀርባ የተዘረጋ መጋረጃ አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የስደቱ ታሪክ አብዛኛው የተነገረው በመሬቱ ላይ ነው። መሬቱን ቆርጠው ቢያወጡት የሚቀርዎት ልጇን የምታጠባ እናት ብቻ ናት። ከማን እንደሸሸች፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ መንገድ ላይ ምን እንደገጠማት የሚነግርዎት አይኖርም።

ሥዕሉ በስልክ ሲታይ ብዙ ነገሩ ስለሚጠፋ አብረን እንየው። ፓቲኒር የሣለው ከ1518 እስከ 1520 ባሉት ዓመታት ገደማ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በእንጨት ሳንቃ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ነው። ቁመቱ 121፣ ወርዱ 177 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እርስዎ ግን ያዩት በመዳፍዎ ላይ ነው።

መሃል ላይ፣ ወደ እኛ ቀረብ ብላ፣ እመቤታችን ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ከፊቷ መሬት ላይ የመንገደኛ ዕቃ ተቀምጧል፦ ቅርጫት፣ ጓዝ፣ በትርና የውኃ ቅል። ከወደ ግራ ዮሴፍ ዕቃ በእጁ ይዞ እየመጣ ነው። አህያይቱም ጭነቷ ወርዶላት ትግጣለች። እስከዚህ ያለው ሰላማዊ ነው። ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ ያቆምና «ደስ የሚል ሥዕል» ብሎ ያልፋል።

አሁን ዓይንዎን ወደ ቀኝ ይውሰዱ። የገበሬ ቤቶች ያሉበት መንደር አለ። በዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ ባሉት በፍላንደርስና በብራባንት አገር እንደሚሠሩት ዓይነት ቤቶች ናቸው። አጠገቡ የደረሰ ስንዴ የቆመበት ማሳ አለ፤ አጫጆችም አሉ። ቀረብ ብለው ሲያዩ ግን ከሰዎቹ መካከል የጦር መሣሪያ የያዙ ወታደሮች ያገኛሉ። ገበሬዎቹን እየጠየቁ ነው። መንደሩ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ወታደሮች ሕፃናት ይገድላሉ። እናቶች ይጮኻሉ፣ ይታገላሉ። ይህን ሁሉ ፓቲኒር የሣለው ከጣት ጥፍር ብዙ በማይበልጥ መጠን ነው። መንደሩ ቤተ ልሔም ነው፤ ነገሩም የሄሮድስ ትእዛዝ። ማቴዎስ ምዕራፍ ሁለት ላይ የምናነበው ግድያ እዚያ ጥግ ላይ፣ የእርሻ ሥራ በሚመስል ግርግር ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል።

የስንዴው ነገር ግን በማቴዎስ የለም፤ በሌሎቹ ወንጌላትም አያገኙትም። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ሕዝብ ዘንድ እየተነገረ የመጣ ታሪክ ነው። ቅዱሱ ቤተሰብ ሲሸሽ ዘር የሚዘራ ገበሬ አገኘ። «የሚያሳድዱን ሰዎች መጥተው ከጠየቁህ፣ ስዘራ ሳለሁ አልፈዋል በላቸው» ተባለ። ስንዴውም ወዲያው በቀለ፣ አደገ፣ ደረሰ። ወታደሮቹ ሲመጡ ገበሬው እያጨደ ነበር። «እንዲህ ያሉ ሰዎች አልፈዋል?» ብለው ጠየቁት። «አዎ፣ ይህን ስንዴ ስዘራ አልፈዋል» አላቸው። አልዋሸም። ወታደሮቹ ግን ወራት ያለፈ መሰላቸውና ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ።

እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ተአምሩ መላእክት ከሰማይ ወርደው፣ ሰይፍ ተመዝዞ አይደለም። እህል ደረሰ፤ በቃ። ሊያየው የሚችለውም እርሻ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የከተማ ሰው በዚያ ማሳ አጠገብ ቢያልፍ ምንም ልዩ ነገር አይታየውም። ፓቲኒርም ተአምሩን በዚሁ መንፈስ ነው የሣለው። ብርሃን አልጨመረበትም፣ አላጎላውም። ማሳውን እንደ ማንኛውም ማሳ አድርጎ ትቶታል። ለዚህ ነው መልክዓ ምድሩ ራሱ ተራኪ ነው የምለው። ስንዴው ከሌለ ታሪኩም የለም።

ወደ ግራ ይመለሱ። በስተጀርባ በምናብ የተፈጠረ የሚመስል ትልቅ ቤተ መቅደስ ይታያል። የጣዖት አምልኮ የሚፈጸምበት ነው። ጣዖታቱ ግን እየወደቁ ነው። ይህም ከአራቱ ወንጌላት ውጭ የመጣ ነው። በላቲን ተጽፎ በማቴዎስ ስም በተሰራጨ አንድ የአዋልድ መጽሐፍ ውስጥ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ ቤተ መቅደስ ስትገባ በውስጡ የነበሩት 365 ጣዖታት ወድቀው እንደተሰባበሩ ይተረካል። መነሻው ኢሳይያስ 19፥1 ነው፤ እግዚአብሔር በፈጣን ደመና ወደ ግብጽ ይመጣል፣ የግብጽ ጣዖታትም በፊቱ ይንቀጠቀጣሉ የሚለው። ይህን ክፍል የእኛም አባቶች ከስደቱ ጋር አያይዘው ስለሚተረጉሙት ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም።

እንግዲህ አቀማመጡን ልብ ይበሉ። በቀኝ ቤተ ልሔም አለች፤ የሸሹባት፣ ደም የሚፈስባት። በግራ ግብጽ አለች፤ የሚደርሱባት፣ ጣዖቱ የሚወድቅባት። መሃል ላይ ዕረፍት። ያለፈው፣ ያለውና የሚመጣው በአንድ መሬት ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ተዘርግተዋል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የስደቱ ታሪክ ሲሣል አብዛኛውን ጊዜ በየክፍሉ ይከፈላል። አንዱ ክፍል ለሄሮድስ፣ አንዱ ለጉዞው፣ እያለ ይሄዳል። ከላዩም በግእዝ ወይም በአማርኛ ይጻፍበታል። ፓቲኒር ክፍልፋዮቹን አፈረሰ። በመካከላቸው ያለውን መስመር በወንዝ፣ በጫካና በኮረብታ ተካው። ጽሑፍም የለውም። ተመልካቹ በገበያ መሃል ዘመዱን እንደሚፈልግ ሰው ዓይኑን እያንከራተተ ራሱ ማግኘት አለበት።

የመፈለጉ ነገር ዝም ብሎ ጨዋታ አይደለም። ፊት ለፊት የተቀመጡትን በትርና ቅል ያስታውሱ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በትርና ቅል የመንፈሳዊ ተጓዥ መለያ ነበሩ፤ ወደ ሩቅ ቅዱስ ቦታ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይዟቸው ይወጣል። ሠዓሊው ከሁሉም ነገር አስቀድሞ እኛ አጠገብ ያኖራቸው እነሱን ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ የተመልካቹ ነው። ሥዕሉን በአንድ እይታ መጨረስ እንዳይቻል ሆን ተብሎ ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ግብጽ እንዲህ አረንጓዴ አይደለችም፤ ልክ ነዎት። ፓቲኒር ግብጽን ረግጦ ያውቃል የሚል ማስረጃ የለም። የሣለው በአብዛኛው የሚያውቀውን ነው። የተወለደው በ1480 አካባቢ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም በሜዝ ወንዝ ዳር፣ በዲናን ወይም ከእሷ ማዶ በምትገኘው ቡቪኝ ነው። ዲናን ዛሬም ቢሄዱ ወንዙ ዳር ቀጥ ብለው የቆሙ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ቋጥኞች ያገኛሉ። አንዳንዱ ከተራራው ተነጥሎ እንደ ምሰሶ ብቻውን ቆሟል። በፓቲኒር ሥዕሎች ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ቋጥኞች መነሻቸው እነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም። አውሮፓውያን ሁሉ ደግሞ እንዲህ ያለ አገር የላቸውም። ፓቲኒር የሠራባት ከተማ አንትወርፕ ያለችበት ምድር ዝርግ ሜዳ ነው፤ ተራራ የሚባል ነገር አይታይበትም። ስለዚህ አንትወርፕ ውስጥ ሥዕል ለሚገዛ ሰው የዲናን ቋጥኝ ከግብጽ ባልተናነሰ ሩቅ አገር ነው። ሥዕሉ «ሩቅ ቦታ ነው» እንዲል በቂ ነበር።

የራስን አገር ለቅዱሱ ታሪክ ማዋስ እነሱ ብቻ ያደረጉት አይደለም። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ጌታን ለመያዝ የሚመጡት ወታደሮች አንዳንዴ ጥምጥም ጠምጥመው ይታያሉ። ሮማውያን እንዲያ አይለብሱም ብሎ የተከራከረ ምእመን ያለ አይመስለኝም። በሌላ በኩልም ነገሩ ለኛ ቅርብ ነው። የእመቤታችንን ስደት የምናስበው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ክረምቱ አልፎ መስኩ በአበባ በተሸፈነበት ወቅት ነው። ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመውም ያኔ ነው። በለምለም መሬት ላይ የተቀመጠች ስደተኛ እናት ለአውሮፓዊው የፓቲኒር ፈጠራ ልትመስለው ትችላለች፤ የጽጌን ማኅሌት ሲሰማ ላደገ ሰው ግን ብዙም አትገርመውም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የእኛ ሰቆቃወ ድንግል ያስለቅሳል። ጥሙን፣ ረኃቡን፣ የመንገዱን መከራ ይዘረዝራል። ምእመኑም ከእሷ ጋር ይሰደዳል። የፓቲኒር ሥዕል ግን ዕረፍቱን ነው የመረጠው። መከራውን አልካደም፣ ቀኝ ጥግ ላይ ሕፃናት እየታረዱ ነው። ግን አሳንሶ፣ አርቆ አስቀመጠው። የትኛው ይሻላል ብለው ከጠየቁኝ፣ ለጸሎት የእኛን እመርጣለሁ። ቁጭ ብሎ ለማየት ግን ይህን።

ወደ አሠራሩ ልግባ፤ እኔን የሚያስደስተኝ ክፍል ነው። መጀመሪያ አድማሱን ይዩ፤ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር በጣም ከፍ ብሏል። ይህ የሚሆነው ከከፍታ ላይ ሆነን ቁልቁል የምናይ ሲመስል ነው። ሜዳው፣ ወንዙ፣ መንገዱ ከላይ እንደታየ ተዘርግቷል። ቋጥኞቹንና ዛፎቹን ሲያዩ ግን ከጎናቸው ቆመው ነው የሚያዩአቸው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አንድ ሰው አንድ ቦታ ቆሞ እንዲህ ሊያይ አይችልም። ፓቲኒር የተለያዩ እይታዎችን ሰፍቶ አንድ አድርጓቸዋል፤ ስፌቱ ግን አይታይም። የጥበብ ታሪክ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ሥዕል «የዓለም መልክዓ ምድር» ይሉታል። ባሕር፣ ተራራ፣ ከተማ፣ እርሻ፣ ጫካ ሁሉም በአንድ ሳንቃ ላይ ስለሚሰበሰቡ ነው።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። ቅርቡ ቡናማ፣ መካከለኛው አረንጓዴ፣ ሩቁ ሰማያዊ ነው። ከስሜን ተራሮች ጫፍ ቆሞ ሩቅ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። በዓይናችንና በተራራው መካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትን ሩቁ ነገር ሁሉ ይሰማያዋል፣ ይደበዝዛልም። ፓቲኒር ይህን አይቶ በሦስት ረድፍ አደራጀው። ደንቡ ከእሱ በፊትም ነበር፤ እሱ ግን ሙሉ ሥዕል አቆመበት። ለሰማያዊው የዘመኑ የፍላንደርስ ሠዓሊዎች አዘውትረው የሚጠቀሙት አዙራይት የሚባለውን ማዕድን ነበር። ከአፍጋኒስታን ከሚመጣው ውድ ሰማያዊ በዋጋ ይረክሳል። ለደመናው የእርሳስ ነጭ ይቀላቀላል። አረንጓዴው ከመዳብ የሚሠራ ሲሆን አንድ ችግር አለበት፤ አንዳንዱ ዓይነት በዘመን ብዛት ይጠቁራል፣ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሥዕሎች ላይ በጣም ጠቁሮ የሚታይ ቅጠል ሲያጋጥምዎ ሠዓሊው እንዲያ ሣለው ብለው አይቸኩሉ። ሲጨርሰው ከዛሬው የለመለመ ሊሆን ይችላል።

ፓቲኒር ማን ነበር? ስለ ሕይወቱ የተጻፈው ጥቂት ነው። በ1515 አንትወርፕ ውስጥ የሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆኖ ተመዘገበ። በ1524 ሞተ። በስሙ የታወቀው የሥራ ዘመን አሥር ዓመት እንኳ አይሞላም። ስሙን የጻፈባቸው ሥዕሎች አምስት ብቻ ናቸው። የእሱ ነው ተብሎ የሚታመነው ጠቅላላ ሥራ ሠላሳ ገደማ ነው። ከአምስቱ አንዱ አንትወርፕ ሙዚየም ውስጥ የሚገኘው ሌላኛው የስደቱ ሥዕል ነው። ወርዱ 21፣ ቁመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ! ከደብተር ገጽ ያንሳል። በዚያ ላይ አንድ ዓለም ሙሉ ሣለበት።

ታላቁ የጀርመን ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1520 እና 1521 ፍላንደርስና ብራባንትን ሲጎበኝ አግኝቶታል። በጉዞ ማስታወሻው «ጎበዙ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ» ሲል ጠርቶታል። ፓቲኒር በግንቦት 1521 ሁለተኛ ሚስቱን ሲያገባም ዱረር ሠርጉ ላይ ተገኝቷል። ከዚህ የማይተናነሰው መረጃ ደግሞ ዱረር በግራጫ ወረቀት ላይ አራት የቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ንድፎች ሠርቶለት እንደነበር መጻፉ ነው። ያ ማለት ፓቲኒር ሰው መሣል ላይ የሌላ እጅ መጠቀም አያሳፍረውም ነበር። ጓደኛው ኩዊንተን ማሲስም ሰዎቹን ሣለለት፤ ፕራዶ ውስጥ ያለው «የቅዱስ እንጦንስ ፈተና» የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው። ምድሩ የፓቲኒር፣ ሰዎቹ የማሲስ። ፓቲኒር ሲሞት ማሲስ ከልጆቹ ሞግዚቶች አንዱ ሆነ።

ይህ የሥራ ክፍፍል ከከተማዋ ጋር የተያያዘ ነው። አንትወርፕ ያኔ ከአውሮፓ ሀብታም ወደቦች አንዷ ነበረች። የፖርቱጋል ቅመም፣ የእንግሊዝ ጨርቅ፣ የጀርመን ብርና መዳብ እዚያ ይገናኛሉ። ሥዕል እንደ ሌላው ዕቃ ገበያ ይወጣል። ሠዓሊ ከጳጳስ ወይም ከመስፍን ትእዛዝ እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ ሠርቶ ይሸጣል። እንዲህ ባለ ገበያ ደግሞ አንድ ነገር በደንብ የሚችል ሰው ያተርፋል። ፓቲኒር ምድር መሣል ቻለ፤ በዚያ ታወቀ። ከሞተም በኋላ ሥራዎቹ እየተገለበጡ ሲሸጡ ኖሩ።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር እለያያለሁ። «ፓቲኒር የመጀመሪያው ዓለማዊ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነው፤ ቅዱሳኑን ያስገባቸው ለሽፋን ነው» የሚሉ አሉ። እርስዎም «የሃይማኖት ነው ወይስ የተራራ?» ያሉት ከዚህ ስሜት ሳይሆን አይቀርም። ለሽፋን ቢሆን ኖሮ አንዲት እናትና አንድ አህያ በበቃው። የስንዴውን ታሪክ፣ የጣዖታቱን መውደቅ፣ የቤተ ልሔሙን እልቂት ማን አስገባው? እነዚህን ለማወቅ ታሪኩን ጠንቅቆ መስማት ያስፈልጋል። ደግሞም ፓቲኒርን አጥብቀው ከወደዱት ሰዎች አንዱ የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ነው። በካቶሊክ እምነቱ ጥብቅነት የታወቀ ሰው ነበር። ዛሬ ፕራዶ በፓቲኒር ሥራዎች የበለጸገው በእሱ ዘመን በተሰበሰቡት ምክንያት ነው። ያ ንጉሥ ዓለማዊ ተራራ ለማየት ብቻ ገንዘቡን ያፈሰሰ አይመስለኝም።

በተቃራኒው ጫፍ ያሉትም አያሳምኑኝም። እያንዳንዱ ሣር፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የተደበቀ ትርጉም አለው ይላሉ። የተወሰነው እውነት ነው፤ በዚያ ዘመን ወይን፣ ምንጭ፣ የወደቀ ጣዖት የታወቀ ትርጉም ነበራቸው። ሁሉም ነገር ምሥጢር ከሆነ ግን ሥዕል መሆኑ ይቀራል። ካርል ቫን ማንደር የተባለው የሠዓሊዎች ታሪክ ጸሐፊ በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚለው፣ ፓቲኒር በሥዕሎቹ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የሚጸዳዳ ትንሽ ሰውዬ የመሣል ልማድ ነበረው፤ ሥራው የሚታወቀውም በእሱ ነበር። ለዚህ ደግሞ ምን ዓይነት መንፈሳዊ ትርጉም እንስጠው? አንዳንዴ ሠዓሊ ዝም ብሎ ይቀልዳል።

የፍላንደርስ ሥዕል ሁሉ እንዲህ ሰፊ አገር የሚያሳይ እንዳይመስልዎ። የነገሥታቶቻችን «ኩርዓተ ርእሱ» የሚባለው ሥዕል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በፍላንደርስ ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ እንደተሠራ ምሁራን ያስባሉ። እሾህ አክሊል የደፋ የጌታ ፊት ነው፤ ተራራ የለበትም፣ መንገድ የለበትም። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ፣ ሰው ያስምሉበት ነበር። በ1868 ከመቅደላ እንግሊዞች ወሰዱት፤ እስካሁን አልተመለሰም። ያኛው በቅርበት ፊት ለፊት የሚያገኝዎት ሥዕል ነው፤ የፓቲኒሩ ግን ርቀው እንዲጓዙ የሚልክዎት። የሁለቱ ዘመን ተቀራራቢ ነው፤ ሥራቸው ግን ይለያያል።

ከፓቲኒር በኋላ ነገሩን ወደ ዳር የገፋው ፒተር ብሩጌል ነው። የእሱ የስደት ሥዕል በ1563 የተሣለ ሲሆን ለንደን ኮርቶልድ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እመቤታችን ቀይ መጎናጸፊያ ለብሳ በአህያ ላይ ናት፤ ዮሴፍ ጀርባውን ሰጥቶን ይስባል። ዙሪያቸውን ግዙፍ ሸለቆ አለ። ጣዖቱ የሚወድቀው አንድ የደረቀ ግንድ ላይ ከተሰቀለች ትንሽ ቤት ነው። እዚያ ዕረፍት የለም። የፓቲኒሩን ከወደዱት ያንንም ይፈልጉት።

ሰሎሜ። ወደ እሷ ዘግይቼ መጣሁ፤ መልሱ አጭር ነው። በእኛ ትውፊት ሰሎሜ ከቅዱሱ ቤተሰብ ጋር ተሰዳለች። ሥዕሎቻችን ላይም አብራ ትሄዳለች፣ ጓዝ ትሸከማለች። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግን የሰሎሜ ስም ከልደቱ ታሪክ ጋር እንጂ ከስደቱ ጋር ብዙም አይነሣም። ፓቲኒር ረስቷት አይደለም፤ የሰማው ታሪክ ውስጥ አልነበረችም። መሬት ላይ የተቀመጠውን ቅርጫት ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ትለኛለች።

ቤትዎ ስለ መስቀልዎ። ለጸሎት ከሆነ የሚፈልጉት፣ ይህን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የሚሆን ሥዕል ላይ የራሷ ሥርዓት አላት፤ እኔ በዚህ አልገባም። ለሳሎን ከሆነ ግን በደስታ ይስቀሉት። ሠዓሊው ከሞተ ከ500 ዓመት በላይ ስለሆነው የሥዕሉ ባለመብት ነኝ የሚልዎት ወራሽ የለም። ከጓደኛዎ የተላከልዎትን የስልክ ምስል ግን ለማተሚያ ቤት እንዳይሰጡ፤ በየመልእክቱ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል። ሙዚየሙ በድረ ገጹ ላይ ጥሩ ምስል አለው፤ ከዚያ ይነሡ። አታሚው ሰማያዊውን «ደመቅ ላድርግልህ» ወይም «ላድርግልሽ» ቢል እምቢ ይበሉ። የሥዕሉ ሰማያዊ ቀዝቃዛና ፈዘዝ ያለ ነው፤ ከደመቀ ርቀቱ ይጠፋል። የሚያብረቀርቅ ወረቀትም አይምረጡ፤ የመስኮት ብርሃን ሲመታው ጨለም ያለውን ክፍል ማየት አይችሉም። መጠኑን በተመለከተ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። ቦታ ካጠረዎ ትንሽ ሊቀንሱት ይችላሉ፤ ከግማሽ ሜትር ካነሰ ግን ስንዴው ማሳ አጠገብ ያሉት ወታደሮች ከአጫጆቹ አይለዩም።